ግንቡ ይቅደም፣ ሥሩ ይከተላል፦ ፋሲል መዋኛን በአክሪሊክ

ኅዳር መጀመሪያ

ክረምቱ ወጥቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ገንዳ ባዶ ነው። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሐሳቤ ግቢውን ከአሁን ጀምሮ ለጥምቀት ውሃ እስኪሞላ ድረስ እዚያው ቆሜ በአክሪሊክ፣ በውሃ በሚቀጥንና ቶሎ በሚደርቅ ቀለም፣ መሣል ነው። ፎቶ አንስቶ ቤት ገብቶ መሣል የለም። በየመሃሉ የሠራሁትንና ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ መዋኛው ከነገሥታቱ ግቢ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በቀሃ ወንዝ በኩል ይገኛል። በግንብ የታጠረ ሰፊ ቅጽር ነው። መሃሉ ላይ በድንጋይ የተሠራ አራት ማዕዘን ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ በቅስት ላይ የቆመ ፎቅ ቤት አለ። ወደ ቤቱ የሚያስገባው የድንጋይ ድልድይ ነው። የቀረው ሣርና ዛፍ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ ጉልላት ያላት ትንሽ ግንብ አለች። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል።

ቱሪስቱ ቤተ መንግሥቱን ዞሮ ዞሮ ሲደክመው ነው እዚህ የሚመጣው። ለሥዕል ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ መዋኛው ይበልጣል። እዚያ ያለው ግንብ ነው። እዚህ ግንብም፣ ዛፍም፣ ጥላም፣ ሲመጣ ደግሞ ውሃም አለ።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚሰጠው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለአፄ ፋሲል ነው። የለም፣ የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢያሱ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች ትቻለሁ። ለእኔ የሚበቃኝ ዛፎቹ በግንቡ ላይ እንደልባቸው ለመኖር በቂ ዘመን ማግኘታቸው ነው። ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆኑት እነዚህ ዛፎች ሥራቸውን በአጥሩ አናት ላይ አልፈው፣ በድንጋዩ ገጽ ላይ ለቀው፣ መሬት ድረስ አውርደውታል። ፎቶውን ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ዕቃ

ሸራ ትቼ በኮምፔንሳቶ ነው የምሠራው። ሸራ ሜዳ ላይ ሁለት ጣጣ አለው። ነፋስ ሲመጣ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ደግሞ ብርሃኑ ሰርጎ ገብቶ ቀለሙን ያሳስትሃል። ኮምፔንሳቶውን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አስቆርጬ ሁለት ጊዜ አክሪሊክ ጄሶ፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ፣ ቀባሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከዚያ በበርንት ሳይና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና በኦከር (የአፈር ቢጫ) ቀጭን ቅብ አድርጌ ነጩን አጠፋሁት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትቻልም። ነጭ ሰሌዳ ይዞ እዚህ ፀሐይ ላይ መቆም ዓይንን ማጥፋት ነው።

ቀለም አላበዛሁም። ቲታኒየም ነጭ፣ ኦከር፣ ካድሚየም ቢጫ፣ በርንት ሳይና፣ አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ)፣ ከዚያ ቅንጣት ታክል ፍታሎ አረንጓዴ። ጥሩ ጥሩውን አሜሪካ ያለች እህቴ ናት የምትልክልኝ። ነጩ ቶሎ ስለሚያልቅ ከአዲስ አበባ እገዛለሁ። ጥቁር አልያዝኩም። አልትራማሪንና በርንት ሳይና ሲደባለቁ ከቱቦ ከሚወጣ ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይሰጣሉ፤ ለጎንደር ድንጋይ ደግሞ ልክ እሱ ነው።

ፓሌቴ፣ ቀለም መቀላቀያዬ፣ የምሳ ዕቃ ነው። ታች እርጥብ ስፖንጅ፣ ከላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ እርጥበቱ ከታች ይመጣለታል። ክዳኑ ከተዘጋ ለማግስቱም ይደርሳል። ሌላው ጭነቴ በውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች፣ ትንሽ የውሃ መርጫ፣ ሶፍትና ጨርቅ ነው። አንዱ ሃይላንድ ባዶ ነው፤ ለቆሻሻው ውሃ። አክሪሊክ እኮ በውሃ ይቅጠን እንጂ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው። የብሩሽ እጣቢ ሣሩ ላይ ወይም ቦዩ ውስጥ አይደፋም። ታቦት በሚያድርበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ጠዋት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቆሜያለሁ። ጠባቂው፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ ከበሩ እየተመለከቱኝ ነው። ሰላም ብዬ ፈቃዴን አሳየሁ። «ሥራ ልጄ፣ ሥራ። ብቻ ግንቡ ላይ እንዳትደገፍ» አሉኝ።

መጀመሪያ ጥላውን ያዝኩ። እዚህ አገር ጠዋት ፀሐይዋ ቶሎ ትወጣለች፤ ጥላው በዓይንህ እያየኸው ይሄዳል። ስለዚህ ምንም ነገር ሳልሥል የጥላውን ድንበር በቀጭን አልትራማሪንና ሳይና ሰሌዳው ላይ ከለልኩ። ለእኔ የ2 ሰዓቱ ጥላ የቀኑ ጥላ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ የፈለገችበት ትሂድ፤ እኔ አልከተላትም።

አክሪሊክ በዚህ ደረቅ አየር በሁለት ደቂቃ ቆዳ ያወጣል። ሰው ሁሉ የሚያማርረው በዚህ ነው። ሰማይን ከደመና ጋር እያሹ ማለስለስ የለም። እኔም ማለስለሱን ትቼዋለሁ። ሦስት ቃና አስቀድሜ እቀላቅላለሁ፦ የጥላ፣ የመካከል፣ የብርሃን። እያንዳንዱን በሰፊው ጠፍጣፋ ብሩሽ ቦታው ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳለሁ። የሚለሰልስ ነገር ካለ ውሃ መርጫውን አንዴ ፍስስ አድርጌ በፍጥነት እሠራዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለጀማሪ መናገር አለብኝ። አክሪሊክ እርጥብ ሲሆን ከደረቀው ቀለም ትንሽ ፈካ ይላል። የሚያያይዘው ነገር እርጥብ ሳለ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ብርጭቆ ሆኖ ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ የቀላቀልኩትን ሁሉ መጀመሪያ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጠብ አድርጌ እስኪደርቅ አያለሁ። ጠርዙ ዥጉርጉር ይሆናል። ፍሬም ይሸፍነዋል።

ግንቡና ሥሩ

የዚህ ሁሉ ሥራ አንጓ ይኼ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ከአጥሩ አንዱን ክፍል መረጥኩ። ከላይ ዛፍ ቆሞበታል። ሥሮቹ በድንጋዩ ላይ ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ እንደ ጭን የወፈረ፣ አንዳንዱ ጣት የማይሞላ። ቀጭኖቹ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ገብተው ይጠፋሉ፤ ከክንድ በታች ሌላ ቦታ ብቅ ይላሉ። ወፍራሞቹ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርሱ ይጠፈጠፋሉ። ሁለት ሥር የተገናኘበት ቦታ ላይ አንድ ሆኖ ይቀጥላል፤ ስፌቱ ብቻ ይታያል።

ሰው ይህን ሲሥል ሥሩን ቀድሞ ይሥልና ድንጋዩን በየክፍተቱ ይሞላል። ዓይን የሚስበው ሥሩ ስለሆነ ነው። ውጤቱን በየመንገዱ በሚሸጡ ሥዕሎች ላይ እናየዋለን፦ ሥሩ ግንቡ ላይ የተለጠፈ ገመድ ይመስላል። ግንቡም ግንብነቱ ይጠፋል፤ በየቀዳዳው የተወተፈ ድንጋይ ይሆናል።

እኔ የያዝኩት ተቃራኒውን ነው። ግንቡ ቀድሞ ነበር፤ ሰሌዳውም ላይ ይቀድማል። ሥር የሚባል ነገር እንደሌለ አድርጌ ሙሉውን ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠራሁት። አልትራማሪንና በርንት ሳይና እኩል፣ በጥቂት ነጭ። ፀሐይ የሚመታው ላይ ኦከር ጨመርኩ። ድንጋይ አልቆጠርኩም። ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጥቂቱን ብቻ ለይቼ ቅርጽ ሰጠሁ። የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። የኖራው መስመር ኦከርና ነጭ ነው፤ ግን አልትራማሪን ካልነካው ቅቤ ይመስላል።

ስለ ኖራው አንድ ነገር ላስገባ። የጎንደር ግንቦች ጥቁር ቡናማ ድንጋይና ኖራ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገብቶባቸው ነበር፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራው መልሰዋቸዋል። ለሠዓሊ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፣ ብርሃን አይመልስም። ኖራ ብርሃኑን ይጠጣና ሞቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ከሰዓት በኋላ ግንቡ ወርቅማ የሚሆነው ከድንጋዩ ይልቅ በኖራው ነው ብዬ አምናለሁ።

ግንቡ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረቀ። አክሪሊክ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ነው የምለው እዚህ ላይ ነው። በዘይት ቀለም ቢሆን ለቀናት እጠብቃለሁ፤ አለዚያ ሥሩ ከግንቡ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። በአክሪሊክ ግን ግንቡ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሥሩ ላዩ ላይ ይወርዳል፣ እንደ እውነቱ።

ሥሩን ከላይ ወደ ታች በአንድ ጉተታ ሳብኩት። ዛፉ ያደገበት አቅጣጫ ስለሆነ ብሩሹም በዚያው ይሂድ። ቀለሙ ቡናማ አይደለም። ግራጫ ነው፤ በጥላ ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ፣ በፀሐይ ወደ ሐመር ሮዝ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሥሩ ጎን፣ ግንቡ ላይ የሚያርፈውን የሥሩን ጥላ በቀጭኑ አስቀመጥኩ። ሥሩ ግንቡን የጨበጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ተንሳፍፎ ነበር።

ጀርባዬ ላይ የተሰበሰቡ ልጆች ሲያዩ ቆይተው አንዱ፣ «ጋሼ፣ ቡኒ አልቆብዎት ነው?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት ቱቦውን እያሳየሁት።

«ታዲያ ይጠቀሙበታ!»

ጠባቂው ሽማግሌ በሳቅ ፈረሱ። ቆየት ብለው ወደ ሥሩ እያመለከቱ፣ «ይኼን ዛፍ ቁረጡት የሚል ይመጣል። ቢቆረጥ ግንቡ አብሮ ነው የሚወርድ። እሱ ነው የያዘው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሥር ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ያው ሥር የፈነቀለውን ድንጋይ አቅፎ ያቆያል። ቅርስ የሚጠብቁ ሰዎች ራስ ምታት ይኼ ይመስለኛል። ለሠዓሊም ቢሆን አንዱን ከሌላው ለይቶ መውደድ አይቻልም።

ኅዳር አጋማሽ፣ የጃንጥላው ነገር

ፀሐይዋ ከ4 ሰዓት በኋላ አላስቆም አለች። ደግ ሰው መቼ ጠፍቶ፣ ከአጠገቡ ካለ ሱቅ ቀይ ጃንጥላ አዋሱኝ። አመስግኜ መለስኩት። ቀይ ጃንጥላ ሥር አረንጓዴ መቀላቀል አይሆንም፤ ሰሌዳውም፣ ቀለሙም፣ እጄም ቀይ ነው። ጥቁር ነው የሚሻለው። ጥቁር ጃንጥላ ይሞቃል እንጂ አይዋሽም።

አረንጓዴን ካነሳን፦ የአትክልት ቦታ ሥዕል የሚበላሸው በአረንጓዴ ነው። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። የሾላው ቅጠል ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሰማዩን ይመልሳል፤ ላዩ ግማሽ ሰማያዊ ነው። ወይራው ብርማ ነው። ጽዱ ወደ ጥቁር ያደላል። ሣሩ በኅዳር ቢጫ መግባት ጀምሯል። እኔ አብዛኛውን የማወጣው ከኦከርና ከአልትራማሪን ነው። ፍታሎዋን በብሩሽ ጫፍ ነው የምነካት፤ አንዴ ከለቀቅካት ፓሌቱን ትወርሳለች።

ታኅሣሥ፣ ቁስቋም

መዋኛው ለስብሰባ ተይዞ ስለነበር ወደ ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግቢ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ ግድግዳው ቆሟል። ዙሪያው ዛፍ ነው። ድንጋዩ መካከል ቀላ ያለ ድንጋይ ገብቷል፤ መስቀል ተቀርጾበታል። ያ ቀይ በአረንጓዴው መሃል ብቻውን ሥዕል ነው።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ በምንትዋብ ዘመን ያበበው ሁለተኛው የጎንደር የሥዕል ዘይቤ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ዳራውን ባንድ ቀለም አይዘጉትም። ቢጫው ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ይሻገራል። ሜዳ ወጥተው አልሣሉት ይሆናል። እኔ ግን ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ የቁስቋምን ተረተር ሳየው ያው ቢጫ ወደ ያው አረንጓዴ ሲሻገር ነው ያገኘሁት። በአክሪሊክ ይህ ሽግግር በማሸት ስለማይገኝ፣ ቢጫውን አድርቄ አረንጓዴውን በግማሽ ደረቅ ብሩሽ ላዩ ላይ ጠረግሁት። የብሩሹ ፈለግ ቀርቷል። ይቅር፤ ደስ ይላል።

አንድ ሰሌዳ ሠርቼ ወረድኩ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ብርድ

ማለዳው ቀዝቅዟል። ይህ ለአክሪሊክ ቀልድ አይደለም። አምራቾቹ ሙቀቱ ከ9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ አትሥሉ ይላሉ። ውሃው ቢተንም ፕላስቲኩ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ቀለሙ የደረቀ መስሎ ኋላ ይፈረፈራል። ስለዚህ ማለዳ መምጣቱን ተውኩ። ፀሐይዋ ድንጋዩን ካሞቀች በኋላ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ነው የምሠራው።

በዚህ ወር ፀሐይዋ በስተደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። እኩለ ቀን ላይ እንኳን አናት ላይ አትወጣም። ወደ ሰሜን የዞረው የግንብ ገጽ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። መጀመሪያ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ሆኖም የማይንቀሳቀስ ጥላ ለሠዓሊ ሲሳይ ነው። ሳልጣደፍ የምሠራው ብቸኛ ገጽ እሱ ሆነ። ጥላው ውስጥ ያለው ድንጋይ ደግሞ ጥቁር አይደለም፤ ከሣሩ የሚመለስ ቢጫ ከታች ይነካዋል፣ ከላይ ሰማያዊው።

ጥር፣ ውሃው መጣ

ገንዳው መሞላት ጀመረ። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ነው የሚገባው። ሲገባ ወዲያው አያምርም፤ ወለሉ ላይ ይንጣለላል፣ አቧራና ቅጠል ይሰበስባል። ከፍ ሲል ግን ግቢው ሌላ ግቢ ሆነ። በቅስት ላይ የቆመው ቤት ከሥሩ ሌላ ቤት አወጣ። ዛፎቹም እንዲሁ።

የውሃ ነጸብራቅ በአክሪሊክ ቀላል ነው ብል ማን ያምነኛል? ሥራው እንዲህ ነው። ቤቱን ተገልብጦ ወደ ታች እሠራዋለሁ፤ ብሩሹን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች በመሳብ ብቻ። ፈካ ያለው ነገር ውሃው ውስጥ ትንሽ ይጠቁራል፤ ጥቁር የሆነው ትንሽ ይፈካል። ሁለቱ ወደ መሃል ይቀራረባሉ። ይህ ሲደርቅ ቀለም አልባ በሆነ የአክሪሊክ ማቅጠኛ ውስጥ ኦከርና ጭላጭ አልትራማሪን አሟሟሁና ሙሉ ውሃውን አንዴ ለበስኩት። የቀሃ ውሃ መስተዋት አይደለም፤ ትንሽ ደፍረስ ያለ ነው። ያ ቅብ ነው ውሃ ያደረገው። በመጨረሻ ነፋሱ የነካበት ቦታ ላይ ጥቂት አግድም የሰማይ መስመር። ከሁለት በላይ ሲሆን ውሃው ቁርጥራጭ ይሆናል።

ሥሮቹን ከውሃው ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ለማግባት ሞከርኩ። ቦታው አልተባበረም፤ ከምቆምበት ሆኖ ሁለቱ አይገናኙም። ለማገናኘት ዛፉን መግፋት ያስፈልጋል። አልገፋሁትም።

ከከተራ በፊት

የእንጨት መቀመጫው ተደርድሯል። ዙሪያው በባንዲራ አሸብርቋል። ጥር 10 ታቦታቱ ይመጡና እዚሁ ያድራሉ፤ በ11 ጠዋት ውሃው ይባረካል፤ ከዚያ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ብዛት ሌላ ነው። ለሥዕል ማቆሚያዬ የሚሆን አንድ ክንድ ቦታ የለም። መኖርም የለበትም፤ በዓሉ የምእመኑ ነው። ዕቃዬን ሰበሰብኩ። እኔም እንደ ሰው ነጭ ለብሼ እመጣለሁ።

ሽማግሌው የግንቡን ሰሌዳ ይዘው ከእውነተኛው ግንብ ጋር ሲያስተያዩ ቆዩ። «ይቺን ድንጋይ አወቅኋት» ብለው በጣታቸው አንዷን ነኩ። ደረቅ ስለነበር ችግር የለም።

ጥር መጨረሻ፣ ቤት

ሰሌዳዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ላዩ ቢደርቅም የውስጡ እስኪጠና ቫርኒሽ አልነካቸውም። ከዚያ በፊት አንድ ቀጭን የአክሪሊክ ማቅጠኛ ቅብ አለብሳቸዋለሁ፤ ወደፊት ቫርኒሹ ቢቆሽሽና ቢጠረግ ቀለሙ አብሮ እንዳይሄድ። የማብለጭለጨው ቫርኒሽ ለውሃው ሰሌዳ፣ ደብዛዛው ለግንቡ። ድንጋይ ሲያበራ አያምርም።

የጎደለ አንድ አለ። ውሃው ሲወርድ በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚቀረው የእርጥብ መስመር፣ ከላይ ደረቅ ድንጋይ፣ ከታች ጥቁር። ለእሱ ጄሶ የተቀባ ሰሌዳ አዘጋጅቻለሁ። ገንዳው መቼ እንደሚለቀቅ ሽማግሌውን በስልክ ጠይቄያቸው፣ «ና ስልህ ትመጣለህ» ብለውኛል።